ክቡር አቶ ዳምጤ በእሾሃማው ሜዳ ሰላም እንዴት እንዳወረዱ

በ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ ሰማይ ዝናቡን በከለከለበት፣ ውኃም ከወንዝ ሳይሆን ከታንከር በሚቀዳበት ዘመን፣ የቀድሞው የሕዝብ እንደራሴ፣ የፊሽካ ባለቤት፣ ኮታቸውን በሱዳን በገዳሪፍ ሐሩር እንኳ የማያወልቁት ክቡር አቶ ዳምጤ ወደ ስደተኞቹ ሰፈር በገቡ በሦስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የሆነው ይህ ነው።

እኚህ ሰው በምክር ቤት ሳሉ ሰላም በስፖርት ይመጣል ብለው የሰበኩ፣ ምክር ቤቱ ከተዘጋም በኋላ ስብከታቸውን ያልዘጉ ናቸው። በስደት መንገዳቸው በድንበሩ ከተማ በገላባት፣ የተጣሉ የጭነት ሾፌሮችንና ቀረጥ ሰብሳቢዎችን ገመድ አጓትተው፣ ገመዱ ተበጥሶ ሁለቱም ወገን በጀርባው በወደቀ ጊዜ አብረው አሥቀዋቸዋል፤ ስለዚህም ዝናቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ሰፈሩ ገባ።

በሰፈሩም ነባሮችና አዲስ መጤዎች በውኃ ሰልፍ ላይ በጀሪካን ተፈነካክተው ነበርና፣ ሙዲሩ፣ ማለትም ሱዳናዊው አስተዳዳሪ፣ ዳግመኛ ጠብ ካየ ታንከሩን ለሌላ ሰፈር እንደሚሰጥ አስታወቀ። ያን ጊዜ ክቡርነታቸው በርሜል ላይ ወጥተው አዋጅ ተናገሩ፦

«ነባር ሆይ፣ መጤ ሆይ፣ ስማ! ነገ በእግር ኳስ ትገናኛላችሁ። የሚማታ አይኑር፤ የሚሳደብም አይኑር።»

በማግሥቱም ወጡ፤ በነባሮቹ ፊት ጋረደው የሚባል ግንበኛ፣ ከኋላው ልብስ ሰፊዎች፣ አንድ የቀድሞ ዲያቆንና ጫማ ያላቸው ሁሉ፤ በመጤዎቹ ፊት ገበሬው ደሴ፣ ከኋላው የአርማጭሆ ጎበዛዝትና ጫማ የሌላቸው ሁሉ፤ ሙዲሩም በታንከሩ ጋቢና ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ስድብ ተከልክሏልና ሜዳው እንደ መቃብር ቦታ ጭር አለ፤ ቂሙም በየሆዱ እየጋለ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ኳሷ ግራር እሾህ ላይ ዐርፋ ነፍሷ ወጣ።

ወራቱ የገና ነበርና፣ ማንም ሳያዛቸው ጨርቅ ጠቅልለው ሩር የሚባለውን የገና ኳስ ሠሩ፤ ከአጥሩም ጫፉ የጎበጠ ዱላ መዘዙ። የገናን ጨዋታ የማያውቀው ሙዲር ሁለቱ ወገን ዱላ ይዞ ሲተያይ ባየ ጊዜ ጦርነት መስሎት ታንከሩን ሊያስወስድ ሾፌሩን ሞተር እንዲያስነሣ አዘዘው። ባዶ ጀሪካን የያዙት ሴቶች ወደ ታንከሩ ተጠጉ።

በገና ሜዳ ግን አለቃን መስደብ ከጥንት የተፈቀደ ነው። ከመጤዎቹ ወገን ሻይ ሻጯ ባሕሪያ ድምጿን አነሣች፦

«ጋሼ ዳምጤ፣ ምክር ቤት ሲተኙ ከርመው እዚህ እኛን ሊቀሰቅሱ መጡ?»

ጋረደውም ከወዲያ ተቀበላት፦

«እንቅልፋቸውስ ደግ ነበር፤ የባሰብን ፊሽካቸው ነው።»

ሁሉም ወደ ክቡርነታቸው ዞረ። አዋጁ የእርሳቸው፣ የተጣሰውም በራሳቸው ላይ ነውና፣ ቢቆጡ ዱላዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ የታወቀ ነበር። እርሳቸውም ታንከሩን አዩ፤ ዳግመኛም በርሜሉ ላይ ወጡ፦

«ሕጌን አሻሽያለሁ። በሜዳም ሆነ በውኃ ሰልፍ መሳደብ ያማረው ሁሉ እኔን ይሳደብ። ጎረቤቱን የሰደበ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ይቁም!»

ሜዳው በሣቅ ተናወጠ። ባለሱቁ ጀማሉ ነገሩን ለሙዲሩ በዓረብኛ ባስረዳው ጊዜ ሙዲሩ ሞተሩን አስጠፋ፤ ስለ አቶ ዳምጤ ኮትም የራሱን ስድብ ጨመረ።

በዚያች ቀን ጀሪካኑ ሁሉ ሞላ፤ የተፈነከተም አልነበረም። ነባሩ ስለ ክቡርነታቸው አረማመድ ሲጀምር መጤው ስለ አፍንጫቸው ይጨርስ ነበር። ክብርና ምስጋና ለአቶ ዳምጤ ይሁን፤ ሌላውን መሪ አንዱ ወገን ሲያወድሰው ሌላው ይረግመዋል፤ እርሳቸው ግን ሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ የሰደባቸው፣ ሕዝባቸውንም በገዛ ስማቸው ውኃ ያጠጡ ናቸው።