ንጹሕ አገጭ

ትናንት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ሳሎኑ ለእንግዳ ተሰናድቶ፣ ይርዳው መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ጋደም ባለበት ይህን ሕልም አየ።

ከሕልሙ በፊት ግን የመንጋጋው ነገር ይነገር። ይርዳው በከተማው ቄራ ሥጋ መርማሪ ነው። የታረደውን ከብት ምላስ፣ ልብና ጉበት በየተራ ያያል፤ የጉንጩን ጡንቻ በቢላዋ ሰንጥቆ የኮሶ ትል ዘር እንዳለበትና እንደሌለበት ይፈትሻል፤ ደህናውን በማኅተም ያሳልፋል። በቅበላው ሰሞን፣ ቄራው በከብት በተጨናነቀበት ጊዜ፣ አንድ ቀይ በሬ በረት ውስጥ ጭንቅላቱን ወርወር ሲያደርግ የይርዳውን መንጋጋ ሰበረው። ሐኪሞች ቀደው ጠገኑት፤ ላይኛውንና ታችኛውን ጥርሱን በሽቦ አሰሩት። ጾሙን በሙሉ በቀጭን ቱቦ አጥሚት ሲስብ ከረመ። ፋሲካ አልፎ ሽቦው ሲፈታለት ሐኪሙ «ለስላሳ ለስላሳውን፣ እያኘክ ብላ» አለው።

አፉ የሚከፈተው አንዲት ጣት ለማስገባት ያህል ነበር። ይህስ ባልከፋ። የታችኛው ከንፈሩና አገጩ ደንዝዘዋል፤ ምግብ ሲንጠባጠብበት አያውቀውም። ሽቦው በተፈታ ማግስት ከቤተ ሰቡ ጋር ገበታ ቀርቦ ፍትፍት ሲበላ ልጁ ምንታምር አንድ ጊዜ አየችውና ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ያን ጊዜ ሸሚዙን ቢመለከት እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ድረስ መረቅ ወርዶበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚበላው።

ትናንት ደግሞ የምንታምር እጮኛ አባት አቶ ገብረየስ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ክንፈን ይዘው፣ ምሳ በልተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የሚመጡበት ቀን ነበር። አቶ ገብረየስ ዝምድናን የሚያጸኑት በጉርሻ ነው። የትልቁን ልጃቸውን ጋብቻ ያፈረሱት የሙሽራዋ አጎት ጉርሻቸውን ስለመለሰባቸው ነው እየተባለ ይወራል። ምንታምር ጠዋት የአባቷን ጫማ እየጠረገች «አባዬ፣ አንዲት ብቻ ትቀበላቸዋለህ አይደል?» ብላዋለች። ይርዳው «እናያለን» ብሎ ገብቶ ተኛ።

በሕልሙ ከተማው ያው ከተማ ነበር፤ ሰዉ ግን በየመንገዱ ይበላ ነበር። ታክሲ የሚጠብቁት ተሰልፈው ያኝኩ ነበር። አንድ ኪሎ ቅቤ ነጋዴውን ሚዛን ላይ አውጥቶ ይመዝነው ነበር። ማውራት የሚፈልጉ ሰዎች ነጠላ ተከናንበው ግድግዳ ሥር ይደበቁና ተንሾካሽከው ይነሣሉ። ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሰዎች ጃንጥላ ሥር ሆነው «እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ» ሲባባሉ ተያዙና ሰው ከበባቸው።

በቆሎ የሚግጥ የትራፊክ ፖሊስ ይርዳውን አስቆመው። ነጠላውንም ከኪሱ አውጥቶ ተከናነበ።

«ምን እያኘክ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው የምሄደው።»

«በጠራራ ፀሐይ? ልጆች እያዩህ?»

«መንጋጋዬ ታሟል።»

«ታዲያ ቤትህ ተቀምጠህ አታወራም?» አለና የጭነት መኪና ላይ አወጣው። መኪናው እንደ እሱ አፋቸውን የዘጉ ሰዎች ሞልተውበት ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን አቀርቅሮ የጎረቤቱን ጫማ ይመለከታል።

መኪናው ያራገፋቸው ቄራው በር ላይ ነው። ሰዎቹ በረት ገቡ። በሬዎቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ በአራቱም እግራቸው ቦቲ አጥልቀው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የይርዳው ተራ ደረሰና አንድ ቀይ በሬ ፊት ቀረበ። አወቀው። በሬውም አወቀው፤ ትንሽ አቀረቀረና «ጋሼ ይርዳው፣ ያን ጊዜ ቸኩዬ ነበር፤ አይቀየሙኝ» አለ።

«ምንም አይደል» አለ ይርዳው።

«እንግዲህ ሥራ ነው። ምላስዎን።»

ይርዳው ምላሱን አወጣ። በሬው ግራና ቀኙን አየ፣ ሥሩን አየ። እንደ ደንቡ ነበር የሚያየው፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። ቀጥሎ ጉንጩን በሰኮናው ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን አደረገው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስም ቆመ።

«እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ።»

«ኮሶ ነው?»

«ኮሶማ ቢሆን በምን ዕድላችን። ሐፍረት ነው። እንደ ገብስ ፍሬ ተበትኗል፤ ይኸው አገጭ ድረስ ወርዷል።»

«ሙሉው ይጣላል?» አለ ይርዳው፤ ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ለመጣል አይበቃም። ብርድ ቤት ገብቶ ይቆይ።»

ውሳኔው ትክክል ነበር። እሱም በበሬው ቦታ ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚለው። አንዲት በግ ማኅተም ይዛ መጣችና ግንባሩ ላይ አሳረፈችበት። ከፊቱ የቆመው ሰውዬ ቀና ብሎ አነበበለት፤ «ለጊዜው ከሰው ጋር አይቀርብም» ይላል።

ብርድ ቤቱ ሰፊ ነበር። ሰዎች ጀርባና ጀርባቸውን ተሰጣጥተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳህን ይዘው ይበላሉ። ማንም ማንንም አያይም። ይርዳው ደስ አለው። በርጩማ ፈልጎ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ሊቀመጥ ሲል ከጥጉ የጭልፋ ድምፅ ሰማ። ሚስቱ የሺመቤት ነበረች። ድስቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቆማ፣ የቀዘቀዘ ሽሮ በጭልፋ ትበላለች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

የሺመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። «የት ልሁን? በሩን ከዘጋህ ወዲህ የምበላው እዚህ ነው።»

«ቁጭ ብለሽ ብይ እንጂ።»

«ለብቻዬ ገበታ ዘርግቼ? ያንን ደግሞ አልለመድኩትም፤ አንተ ነህ የለመድከው።»

ይርዳው ድስቱ ውስጥ አየ። ለሁለት ሰው ተሠርቶ በአንድ ሰው ያላለቀ ሽሮ ነበር። አንድ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ግን በዚያ አገር ሳይከናነቡ መናገር ነውር መሆኑ አሁን ትዝ አለው፣ እሱ ደግሞ ነጠላ አልያዘም። አንገቱ ላይ ፎጣው ነበር። ፎጣውን ለዚያ መጠቀም እንደሚችል ያሰበው እሷ ዞር ካለች በኋላ ነው።

ግድግዳው ተነሣና ሳሎኑ ሆነ። ትልቁ ትሪ መሐል ላይ፣ እንግዶቹ ዙሪያውን። አቶ ገብረየስ በክብር ቦታ ተቀምጠዋል፤ ወጡ ከአገጫቸው ጀምሮ በክራቫታቸው ላይ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ያበራል። መምሬ ክንፈ ጢማቸው በቅቤ ርሶ ያንጠባጥባል። ሴቶቹ ወንዶቹ ሁሉ ከአፍ እስከ ደረት ቀልተዋል። ይርዳው በደስታ ተነቃቃ። አገሬ ይሄ ነው፣ አለ በሆዱ። እዚህ እኔን የሚያህል የለም።

ተቀመጠ፣ ጎረሰ፣ አኘከ።

«አገጩ ንጹሕ ነው» አለች አንዲት ሴትዮ።

«አላሳደጉትም ማለት ነው።»

ይርዳው ደነገጠ። ማንኪያውን ሞልቶ አነሣ፤ እጁን ሆን ብሎ አንቀጠቀጠው፤ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ሾርባውን በሳህኑ አነሣና ከንፈሩን ከፈት አድርጎ አፈሰሰው፤ ጠብታ ሳይቀር ገባ። ሸሚዙ ላይ ቢያይ እንደተተኮሰ ነው። ሰው ሁሉ የእሱን ሸሚዝ ላለማየት ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ምንታምር ወደ ጆሮው ጎንበስ አለችለት፤ አገጯ ላይ ምስር ነበር፣ ሙሽራ ስለሆነች አብዝተውላታል። «አባዬ፣ ስለ እኔ ስትል። አንዲት ጠብታ ብቻ።»

«እየሞከርኩ ነው፣ ልጄ።»

«ከሰው ፊት ታዋርደኛለህ።»

አቶ ገብረየስ ተነሡ። «ከእንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት አንጋባም» አሉና ጋቢያቸውን አነሡ።

ይርዳው የወጡን ድስት በሁለት እጁ ያዘና በራሱ ላይ ደፋው። አፉ ተከትሎ ተከፈተና ተቀበለው። እንደ ድሮው አንዲት ጣት የምታህል አልነበረም፤ ክፍት አለ፣ አሁንም ክፍት አለ። ባፈረ ቁጥር ይሰፋ ነበር። ትሪው ገባ፣ ወንበሮቹ ገቡ። እንግዶቹ ይህን ሲያዩ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አንድ በአንድ፣ እየተጋበዙ፣ «ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ወደ አፉ ይገቡ ጀመር። ቀዩ በሬ ባትሪ ይዞ ከፊት ይመራቸው ነበር።

«በቀኝ በኩል ያዙ፣ ጌቶቼ» ይላል። «ግራው ገና አልጠገገም።»

የሁሉም እግር ምላሱ ላይ ሲያልፍ ተሰማው። መጨረሻ ላይ የገባችው የሺመቤት ናት፤ ድስቷን እንደያዘች ነው። ከውስጥ ሆና «ይርዳው» ብላ ጠራችው። «ይርዳው፣ ተነሣ።»

ነቃ።

እንግዶቹ አልጋውን ከበው ቆመው ነበር። አቶ ገብረየስ «ሕመምተኛ ሳንጠይቅ ገበታ አንቀርብም» ብለው ቀጥ ብለው መኝታ ቤት ገብተዋል፤ መምሬ ክንፈ መስቀላቸውን ይዘው በራስጌው በኩል፣ ምንታምር በግርጌው። ይርዳው አፉን ከፍቶ ተኝቶ ኖሮ ትራሱ በምራቅ ርሷል፤ አገጩም ሳይርስ አልቀረም፣ እሱ ግን አያውቀውም። ምን ያህል ጊዜ ቆመው እንዳዩት ለመጠየቅ አልደፈረም።

«እግዜር ይማርዎ፣ አማቻችን» አሉ አቶ ገብረየስ። ሲያልፉ ከትሪው የጠቀለሉትን ጉርሻ በቀኝ እጃቸው ይዘው ነበር። የአማች ጉርሻ ስለሆነ አላሳነሱትም፤ ጡጫ ያህላል። «ቤትዎ ገብተን እርስዎ ሳይቀምሱ የምንበላው እህል የለም። እንኩ ይበሉ።»

ይርዳው ጉርሻውን አየ፣ ልጁን አየ። እንቅልፉ ገና ከዓይኑ አልወጣም ነበር፤ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

መምሬ ክንፈ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ተመለከቱት።

«በበዓለ ሃምሳ?» አሉ ቀስ ብለው።

ምንታምር የአልጋውን ግርጌ ያዘች። የአቶ ገብረየስ እጅ ባለበት ቀረ፤ ፊታቸው ግን ጨለም እያለ ነበር።

«የሚጾመው የእኔን እጅ ነው ማለት ነው» አሉ።

«አይደለም፣ ጋሼ ገብረየስ» አለች የሺመቤት። «ጾምም አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። አፉ አይከፈትለትም፣ ሲበላ ይዝረከረካል፣ ያፍራል። ከእኔም ተደብቆ ነው የሚበላው።»

ይህን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረችው። ይርዳው ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበ። የሚደበቅበት ሌላ ክፍል አልቀረውም፤ የሚደበቅበት ክፍል ይኸው ነበርና።

አቶ ገብረየስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጉርሻውን ግራ መዳፋቸው ላይ አደረጉት፣ ከዳር ቆንጠር አድርገው አተር የምታህል ድቡልቡል ሠሩ።

«ይህችስ?»

ይርዳው የቻለውን ያህል ከፈተ። ገባች። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው፣ ሳሎን ውስጥ ምሳው እየቀዘቀዘ፣ በቀኝ በኩል አኘካት፣ ቆየ፣ ዋጣት። የቱ ጋ እንደተንጠባጠበበት ከምንታምር ዓይን ሊያነብ ቀና አለ፤ እሷ ግን በዚህ ጊዜ ወደ መስኮቱ አልዞረችም፣ እያየችው ነበር፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

«እሰየው» አሉ አቶ ገብረየስ፤ ከመዳፋቸው ላይ ሁለተኛዋን እየቆነጠሩ። የቀረው ጉርሻ ገና ጡጫ ያህል ነበር።