የኮምፒውተሩ የክርስትና ስም

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ሰፈር የለም። አለ ከተባለም አዋቂው ለጊዜው ሉማሜ ለቅሶ ሄዶ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ የኋላሸት ናቸው። «እኔን ስማኝ» ብለው ከጀመሩ የባጃጅ ሾፌር የሚያውቀው መንገድ ይጠፋዋል።

ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር መገኘቱን ከእኔ ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። «እኔን ስማኝ፤ ይሄ የሥራነሽ ጭቅጭቅ ረግቶ ነው» አሉኝ። ሥራነሽ ባለቤቴ ናት፤ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ሆስፒታልም አብረውን ሄዱ፤ ማን ያስቀራቸዋል? ሐኪሟ ዶክተር ትሕትና የሆዴን ምስል ኮምፒውተር ላይ እያገላበጠች አሳየችን። ቀዶ ጥገናው በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚሠራው፤ መሣሪያው በየት ቢገባ እንደሚሻል ማሽኑ ያመለክታል። እሷ ግን ሆዴን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ የማሽኑን ምልክት ወደ ጎን ገፋችው።

«እዚህ ጋ የድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ አለ። አንጀትዎ ከሥሩ ተጣብቆ ከሆነ ማሽኑ ላያውቀው ይችላል። በቀዳዳው እሞክራለሁ፤ እምቢ ካለኝ ግን ሆድዎን መክፈቴ አይቀርም፤ እሱ ከባድ ነው።»

ፈራሁ። ጋሽ የኋላሸት ግን ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

«ነገ ጸሎት አሲዛለሁ። የክርስትና ስምሽ ማነው፣ ልጄ?» አሏት ሐኪሟን።

«አመተ ሥላሴ።»

«የኮምፒውተሩስ?»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ክርስትና አይነሣም።»

«የሰው ሆድ ላይ ምክር እየሰጠ? እኔን ስሚኝ፤ መካሪን ያለ ጸሎት አይተዉትም።» ጥቂት አሰቡና «ገብረ ኪዳን ብየዋለሁ» አሉ። በማግስቱ ቄሱ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ቢሏቸው፣ «ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም» ብለው አስጸለዩለት።

ቀዶ ጥገናው በቀዳዳዎቹ ብቻ አለቀ፤ ሆዴም አልተከፈተም። ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ የኋላሸት ራስጌዬ ቆመው ፋሻዬን ይመረምራሉ። «እኔን ስማኝ፤ ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጉት ይሻል ነበር» አሉ። መልሼ ጨፈንኩ።

እሳቸው ሲወጡ ሥራነሽ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ውስጥ ሳለህ ጨነቀኝና ‹ጋሼ፣ ይተርፍልኛል?› አልኳቸው።»

«ምን አሉሽ? መቼም አያጡም።»

«ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና ‹አላውቅም፣ ልጄ› አሉኝ።»

ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ከዚያ ወዲህ «እኔን ስማኝ» ሲሉኝ ወንበር ስቤ እሰማቸዋለሁ።