የጦሳው ሁለት ድስት

የእግር ጉዞ ጤና ይሰጣል የሚል ሰው ደሴን አያውቃትም። ደሴ ላይ ሽንኩርት ሊገዛ የወጣ ሰው እንኳ ግማሽ ተራራ ወጥቶ ግማሽ ተራራ ወርዶ ነው ቤቱ የሚገባው። እንዲህ ባለ ከተማ «ለመዝናናት ተራራ እንውጣ» ማለት ዓሣን ዋና እንደመጋበዝ ነው። አባቴ ግን በዚህ አይስማሙም። ሰው የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው ባይ ናቸው።

ለዚህም ነው ከማል እህቴን አልማዝን ለማግባት በጠየቀ ጊዜ «እሁድ ጦሳ ተራራ እንውጣ» ያሉት። ከማል ኮምቦልቻ የደርግ ካድሬ ነው። የእሱ ቤተሰብ እስላም፣ የኛ ክርስቲያን። ይሄ ወሎ ውስጥ ማንን ይገርማል? የእናቴ አክስት ራሳቸው ያገቡት ሼህ ነው። አባቴን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ልጁ «እኔ ሃይማኖት የለኝም፣ ስለዚህ ምንም አያግደንም» ብሎ ቁጭ አለ። አባቴ የአላህንም ሰው የእግዜርንም ሰው ያውቃሉ፤ የማንም ያልሆነ ሰው ግን ገጥሟቸው አያውቅም። «ልጄን ቢበድላት በማን አስምለዋለሁ?» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ተብሰለሰሉ። አልማዝ በበኩሏ እሱን ካጣሁ ገዳም እገባለሁ ብላለች። ካድሬ ወዳ ገዳም!

ያን እሁድ ስብሰባ አልነበረም፤ ብርቅ ቀን ነው። አባቴ ከነከዘራቸው፣ እናቴ፣ አልማዝ፣ ከማል፣ እኔና ውሻችን ቡቺ ዳገቱን ተያያዝነው። ቡቺ ከማልን ባየ ቁጥር ይጮኽበታል። አባቴ ይህንንም እንደ ማስረጃ ይዘውበታል።

ምሳችን ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ነው። አንዱን እናቴ ሠራች፤ ሌላውን የከማል እናት እትዬ ከድጃ ልከዋል። ልጃቸው ሃይማኖት መተዉን እሳቸው ገና አልሰሙም። የእስላም ሥጋ ለእስላም፣ የክርስቲያን ለክርስቲያን፤ እኛ እንዲህ ተከባብረን ነው የኖርነው። ጣጣው ድስቱ ነበር። የቀበሌ ሱቅ ያመጣው አንድ ዓይነት ድስት ብቻ ስለነበር ደሴም ኮምቦልቻም ባለ ሰማያዊ ድስት ሆኖ ነበር። እኩልነት እንግዲህ ይኸው ነው። እናቴ ግን ብልህ ናት፤ የኛው ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት።

አናቱ ጋ ልንደርስ ስንል ቡቺ ዝንጀሮ አየ። ሊያባርር ሲወረወር በእግሬ መሃል ሾልኮ አለፈና እኔም ድስቶቹን የያዝኩበት ዘንቢልም ተያይዘን ተንከባለልን። እኔን ማን ይፈልገኛል? ሁሉም ወደ ድስቶቹ ሮጠ። በጨርቅ ጥብቅ ብለው ስለታሰሩ ወጡ አልፈሰሰም። ቀዩ ክር ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ቀረ።

ዙሪያውን ተቀመጥን። ሁለት ሰማያዊ ድስት፣ ሁለት ቀይ ወጥ። እናቴ ብታሸት ምንም አልለይላት አለ። ቀምሳ እንዳትለይ፣ የቀመሰ በላ ማለት ነው። በረሃብ እየተቁለጨለጭን ሳለ የአባቴ ፊት ድንገት በራ። ወደ ከማል ዞረው «እንግዲህ ልጄ፣ ያንተ ዓይነቱ ለዚህ ቀን ነው የሚጠቅመው። አንተን የሚያግድህ የለም፣ የእናትህንም እጅ አትስተውም፤ ቅመስና የቱ የማን እንደሆነ ንገረን» አሉት።

ከማል ሳቀና እንጀራ ቆረሰ። እጁ ድስቱ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ስለ ቁስ አካል ግማሽ ቀን ያለ ውሃ የሚናገር ሰው አንዴ አንዱን ድስት፣ አንዴ ሌላውን ያያል። ቢበላ ሃይማኖት የለሽነቱ፣ ባይበላ ውሸታምነቱ ሊረጋገጥ ነው፤ እህቴ በሁለቱም በኩል ገዳም ገባች። ዓይኗን ጨፍናለች። በመጨረሻ፣ እስከዚያች ደቂቃ አባቴን «ጓድ አሰፋ» ሲል የነበረው ካድሬ ቁራሹን መልሶ አስቀመጠና በቀጭን ድምፅ «ወላሂ ጋሼ፣ አልችልም» አለ።

አባቴ ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። «ውሰዳት ልጄ! በማን እንደማስምልህ አሁን አወቅሁ» አሉት። እኔም ደስ አለኝ፤ እናቴማ እልል አለች።

በዚህ ሁሉ መተቃቀፍ መሃል ድስቶቹን ረስተናቸው ነበር። ቡቺ ግን አልረሳቸውም። ዘወር ስንል ሁለቱንም ያለ አድልዎ አጽድቷቸዋል። ያን ቀን ጦሳ ላይ ሃይማኖት የለኝም ቢል የሚታመነው እሱ ብቻ ነበር። እኛ ደረቅ እንጀራ በልተን ወረድን። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል? ከዚያ ወዲህ በከማል ላይ መጮኹን ትቶ ለከማል ይጮኽ ጀመር።

ከማል አማቻችን ከሆነ በኋላም ደሴ እየመጣ፣ ስብሰባ ፊት ቆሞ፣ አምላክ የለም እያለ ማስተማሩን አልተወም። ሥራው ነዋ! አባቴም ከኋላ ተቀምጠው እንደማንኛውም ሰው ያጨበጭባሉ። አጨብጭበው ሲያበቁ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይሉና «ድስቱን አምጣለት» ይሉኛል።