ክብርት ቆይ-ትንሽ ፎቶ ልትነሳ ነው

ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ለምልክት እንኳ አንድ ደመና የለም። ክብርት ቆይ-ትንሽ በሯ ላይ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠችና ፀሐዩ እንደበዛ፣ እንዲህ ባለ ፀሐይ ፎቶ የሚነሳ ሰው ፊቱ ቅቤ የተቀባ እንደሚመስል አስረዳችን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ፣ ልታነሳት የመጣችውን ይህቺኑ ፎቶ አንሺ "ደመና ነው" ብላ መልሳት ነበር። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እኔን አየችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰማይ አልሰፋም።

እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ለሠርጓ የተሰጣት አንሶላ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ አርጅቷል። የክት ሳህኖቿ እንግዳ ሲጠብቁ ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል። አዲሱ ጫማዋ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃበታለች፤ ጫማው ከእግሯ ይልቅ ጋዜጣውን ለምዷል። ለምን አታደርጊውም ብትሏት መልሷ አንድ ነው፤ "ቆይ ትንሽ።" በዚሁ ጠራናት። "ክብርት" የሚለውን እኔ ጨመርኩላት፤ ዓለምን በሙሉ ተራ ያስያዘ ሰው ማዕረግ ቢያንሰው ነው።

የፎቶው ነገር የመጣው ከባሏ መኪና ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን ገበያ ሊያደርሳት ጋቢና አስገባትና፣ ፀሐይ መከላከያውን ዝቅ ብታደርገው ራሷ ለራሷ አፈጠጠችባት። ከአሮጌ መታወቂያ የተላጠ ጉርድ ፎቶ፣ የማኅተሙ ግማሽ አገጯ ላይ ያረፈበት።

"እታለም፣ ፖሊስ የሚፈልጋት ሴት ነው የምመስለው" አለችኝ ሱቄ መጥታ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺን እያየ ነው የነዳው።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መኝታ ቤቷን ዘግታ፣ በሌሊት ልብስ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ፎቶ ተነስታ ልትሰጠው እንዳሰበች ነገረችኝ። ስትነግረኝ የልብስ ሜትሬን ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር፤ እስክትጨርስ ጣቷ በርበሬ መሰለ።

ወይን ጠጅ ሳቲን ቆረጥኩላት፤ ደረቱ ላይ ዳንቴል አዞርኩበት። ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም፣ አፌ ውስጥ ስፒል እንደያዝኩ ረስቼ ላደንቃት ነበር። እሷ ግን ወገቡ ጠበበኝ አለች። አሰፋሁት። በሳምንቱ ከሳሁ፣ ሰፋኝ ብላ አመጣችው። ቀጥሎ ጠበበ። ቀጥሎ ሰፋ። እየተቀበልኩ መለስኩላት፤ በሄደች ቁጥር "አሁን ልክ ሆነ" ትላለች።

ከልብሱ ወደ ክፍሉ ተዛወረች። መጋረጃው ታጠበ፤ መጋረጃው ሲነጣ ግድግዳው ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ፤ የግድግዳው ቀለም ተጋምሶ ሳለ ደግሞ አልጋው ይንጫጫል ተባለ።

"ፎቶ ድምፅ የለውም" አልኳት።

"የአልጋው ድምፅ ፊቴ ላይ ይታያል" አለች። አናጺ ተጠርቶ አልጋውን ፈታታው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የባሏ መሥሪያ ቤት ሩቅ መስመር መደበው፤ ሄዶ ስድስት ወር አይመለስም። ያ ጥርት ያለ ቀን ከመሄዱ በፊት የመጨረሻው ቀን ነበር። እሱ ጭነት ሊያስጭን እንደወጣ ፎቶ አንሺዋን እኔው ጠራኋት። ክብርትነቷን ብንጠብቅ ኖሮ ሰውየው በጡረታ ይመለስ ነበር።

እየጎተትኩ አስገባኋት። አልጋው ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ፍራሹ ወለሉ ላይ ነው። ልብሱን ለብሳ መሀል ላይ ቆመች፤ ወገቡን ቆንጠጥ አድርጋ ያዘችው።

"ቆይ ትንሽ፣ እንደገና ሰፍቶኛል። ሲመለስ ይሻላል" አለች። "እስከዚያ መኪናው ላይ ያለችው ትበቃዋለች" ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያኔ ገባኝ። የፈራችው ፀሐዩንም አልጋውንም አልነበረም። ባሏ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይዞ፣ ያቺን የጥንቷን እንዳይመርጥባት ነው።

ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ጥሩ ቃል አይመጣልኝም። የመጣልኝ እውነቱ ነው።

"ይሄን ልብስ አራት ጊዜ አስተካክዪልኝ ብለሽኛል" አልኳት። "የነካሁት አንዴ ነው። ሌላውን ጊዜ ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ ተኩሼ ነው የመለስኩልሽ።"

ትጣላኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወገቧን አየች፤ እኔን አየች።

"አንቺ ቀጣፊ" አለች። ከዚያ ሳቅ ያዛት። ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች፤ ዳንቴሉ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ለመሸፈን እንኳ አልደረሰችም። ፎቶ አንሺዋም ቆይ ትንሽ አላለችም።

ፎቶው ለማታው ታጥቦ ደረሰ፤ ባልየው ፖስታውን ከፍቶ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው አሉ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አልጋችን የት ሄደ?" ጉርዷ ፎቶ ፀሐይ መከላከያው ላይ ቀርታለች፤ እሷን ማንም ቢያያት ግድ የለውም። አዲሱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ቁልፉን ቆልፎበት ሄደ።

ስድስቱ ወር አልቆ አርብ ይመለሳል። እሷ አሁን ሱቄ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ አዲሱን ጫማ አድርጋዋለች። ልብሱ ጠበበኝ ብላ መጥታ፣ እንዳላታልላት ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም፤ ቶሎ በይ ስትለኝ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ለካኋት፤ እውነቷን ነው፣ ወፍራለች። ጎኑን ተርትሬ እያሰፋሁላት ነው።