ሕዝብ የነገሠ ዕለት

ቀበሌያችን ከመካነ ሰላም ብዙም አትርቅም፤ ከሥልጣኔማ ጭራሽ ርቃ አታውቅም። ጊዜው ግምገማና ሥልጠና የበዛበት ነበርና የምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ አቶ አራጌ፣ በንጉሥና በፓርላማ የሚተዳደር የባሕር ማዶ አገር ተሞክሮ እንዲቀምሩ ደሴ ተላኩ። አገሩን በፕሮጀክተር አዩት። በተመለሱ ማግሥት ሰበሰቡን።

«እዚያ አገር ንጉሥ ይነግሣል እንጂ አይገዛም» አሉ። «ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ንጉሡ የተጻፈለትን ንግግር ያሰማል፣ የወጣውን ሕግ ይፈርማል፣ ይከበራል። እኛ ዘንድስ ንጉሡ ማን ነው?»

«ሕዝብ!» አልን። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስለምንጠየቀው አይጠፋንም።

«ስለዚህ ሕዝብ ይነግሣል እንጂ አይገዛም። የምትደግፉ?»

ይህን ሳይጨርሱ እጄን አውጥቻለሁ፤ በግምገማ ጊዜ ንቁ አባል የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ቀበሌው በሙሉ አንድ ወንበር ላይ ስለማይበቃ ወካይ አስፈለገ። እመት ዘሊካ ተመረጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከምንጩ ሥር ባለችው አንድ ለእናቷ ማሳ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም፤ ለንግሥና ከዚህ የበለጠ መስፈርት አልተገኘም።

በምክር ቤቱ መክፈቻ ዕለት ትምህርት ቤቱ ለድራማ የሠራውን የካርቶን ዘውድ ሻሻቸው ላይ ደፉላቸው። ጸሐፊዋ ብርሀንነሽ ንግግሩን በጆሯቸው ታነባለች፤ እሳቸው ጮክ ብለው ይደግማሉ።

«መንግሥቴ መልካም አስተዳደርን ያሰፍናል።» አጨበጨብን። «መንግሥቴ ኪራይ ሰብሳቢነትን ይታገላል።» አጨበጨብን። «መንግሥቴ ለአመራሩ መዝናኛ ክበብ መሥሪያ፣ ከምንጩ ሥር ያለውን የወይዘሮ ዘሊካን ማሳ...»

እሳቸው አቋረጡ። እኛ ግን አጨበጨብን።

«ኧረ በአላህ! የኔን?»

«ግርማዊት ሆይ፣ ይቀጥሉ» አሉ አቶ አራጌ።

«አልቀጥልም። አልፈርምም።»

«እናታችን፣ ንጉሥ እምቢ አይልም። እምቢ ካሉ ሕገ መንግሥቱን መናድ ይሆንብዎታል።»

«ታዲያ እዚያ አገር እምቢ የሚል ፍጡር የለም?»

አቶ አራጌ ሐሰት አይወዱም። «አለ። ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ተቃዋሚ የሚባል አለ። ደመወዝ ሁሉ ይከፍሉታል።»

«በል ልጄ፣ ይኸን ካርቶን ውሰድልኝና እሱን አድርገኝ።»

«ስለሱ የተነገረው ከምሳ በኋላ ነው» አሉ አፈ ጉባኤው። «ያኔ እኛ አበል ልንፈርም ወጥተን ነበር።»

ሕጉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የግርማዊትን አውራ ጣት ብርሀንነሽ ይዛ ቀለም አስነካችላቸው።

ማሳው በሳምንቱ ታጠረ። እመት ዘሊካ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ቀበሌ መጡ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት፤ ዳሩ ግን አጀንዳ ስላልተያዘበት አስተያየት አልሰጠሁም። አቶ አራጌ ብድግ ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላቸው።

«ልጄ፣ አቤት ልል ነው የመጣሁ።»

አቶ አራጌ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ሰው ሁሉ አቤት የሚለው ለንጉሥ ነው። ንጉሥ ለማን አቤት ይላል?»