የሳሎናችን የባሕር ትሎች

ደብረ ማርቆስ ላይ ባሕር የለም። ይህን የምነግራችሁ የማታውቁት መስሎኝ አይደለም፤ አማቼ ዘላለም የማያውቅ ስለመሰለኝ ነው።

ዘላለም የባለቤቴ የውዴ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሰው ከጅቡቲ ሲመጣ ምን ያመጣል? ሽቶ ያመጣል፣ ቴምር ያመጣል፣ ብርድ ልብስ ያመጣል። ዘላለም ባሕር አመጣ። አንድ የውጭ አገር ሰው ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማኖሪያ መስታወቱን ከነዓሣው ትቶለት ሄደ። እሱም እህቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ጭር ይልባታል ብሎ ጭኖት መጣ።

ዓሣዎቹ ሲነሱ አምስት ነበሩ። ሁለቱን የዓባይ በረሃ ሙቀት ፈጃቸው። ደጀን ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲወርድ ሦስተኛው ሞቶ አገኘው። ሻዩን ሳይጠጣ ገሰገሰ። እኛ ዘንድ የደረሱት ሁለት ናቸው፤ ብርቱካንማ ሆነው ወገባቸው ላይ ነጭ ጥለት አላቸው። ውዴ ገና እንዳየቻቸው «ሙሽሮቹ» አለቻቸው።

ከሙሽሮቹ ጋር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ወንፊት የመሰለ ድንጋይ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ ድንጋይ ሕይወት አለው» አለኝ ዘላለም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ድንጋይ ሕይወት አለው ሲሉኝ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ግን ሰውየው ደክሞት መጥቷል፣ እንግዳ ነው፣ ምን እለዋለሁ? አለፍኩት። ባላልፈው ጥሩ ነበር።

ኑሯችን ተጀመረ። የዝናብ ውኃ እናጠራቅማለን፤ መቼም የማርቆስ ክረምት ለዚህ አይታማም። ከጅቡቲ የመጣውን የባሕር ጨው እንበጠብጥበታለን። ውኃውን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዘንግም አለው። ሐምሌ ላይ እኛ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፣ ሙሽሮቹ ለብ ባለ ውኃ ይንሸራሸራሉ። ውዴ አንድ ቀን ጣቷን ነከር አድርጋ «ከእኛ አልጋ ይሻላል» አለች። አልተከራከርኳትም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ውዴ የዓሣዎቹን ቀለብ በተን ስታደርግ ከድንጋዩ ቀዳዳ ቀይ ክር ብቅ አለ። ከነጠላዬ ጥለት ተመዝዞ የገባ ነው ብላ ልትስበው እጇን ሰደደች። ክሩ አንድ ፍርፋሪ ያዘና ተመልሶ ገባ።

ክር እንደዚህ አያደርግም።

የውዴን ጩኸት ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ናቸው። አዩት፣ አማተቡ፣ ሌሎችን ጠሩ። ቀጥሎ የኔታ ላቀው መጡ። የኔታ ሰፈራችን ያሉ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰላምታቸው እንኳ ሁለት ትርጉም አለው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አዩና «ለመሆኑ ሚስትህ ይህን ስታይ ምን ትል ይሆን?» አሉኝ።

«ውጭ ጣሉልኝ ነው የምትለው፣ የኔታ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ወርቁን ብጠይቅህ አንተ ሰሙን መለስክልኝ። ምን ዓይነት ትል ነው ማለቴ ነው።»

እሱንም አላውቅም ነበር። አንድ መሆኑ ነው እንጂ ብለን ስንጽናና በማግስቱ ሦስት ሆኑ። ለካ ድንጋዩ ውስጥ አገር ሙሉ ሕዝብ ሰፍሯል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ወንድ ነኝና አንዱን በእጄ ልይዘው ሞከርኩ። ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ፀጉር የሚመስል ነገር ፀጉር አይደለም፤ እሾህ ነው። ሳማ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሳማ ምርቃት ነው። ሰኞ ጠዋት ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ተማሪዎቼ ምን ነካዎት ሲሉኝ፣ ማሰብ ሲገባኝ፣ «ትል ነው» አልኳቸው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። ማርቆስ ላይ መላ የሚጨምር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ረፋድ ላይ መምህሩን ትል ነከሰው ተባለ። ምሳ ሰዓት ላይ መምህሩ ትል አለበት ሆነ። ከሰዓት ቤቴ ስደርስ እትዬ ጥሩ ኮሶ በጣሳ በጥብጠው ይጠብቁኛል። እኚህ ሴት ትሉን በዓይናቸው ያዩ ናቸው!

«እትዬ፣ ትሉ እኮ መስታወቱ ውስጥ ነው ያለው» አልኳቸው።

«ከዚያ በፊትስ የት ነበር?» አሉኝ።

ጣሳውን ተቀበልኩ። ጠጣሁ። ሁለት ቀን ከመፀዳጃ ቤት ደጃፍ አልራቅኩም። የመስታወቱ ትሎች ግን ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ወፈሩ።

እስከዚህ ድረስ ሣቅ ነው። ከዚያ ለቅሶ ለመድረስ ይጁቤ ሄደን አድረን ስንመለስ ከሙሽሮቹ አንዷ የለችም። ድንጋዩ ላይ ትሎቹ ተከማችተው ነበር፤ ስንቀርብ ወደየቀዳዳቸው ገቡ። ከሥራቸው የቀረው ትንሽ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ውዴ መጀመሪያ የተናገረችው «ጾም እንኳ አያውቁም» የሚል ነው። ቀጥላ ተቀምጣ አለቀሰች። ለይጁቤው ሟች ያወጣችው እንባ ለዚህች የጣት ርዝመት ለማታክል ዓሣ ካወጣችው አይበልጥም። እራት አልበላችም። እኔም ያኔ የቀረውን ሙሽራ ልጠብቅላት ለራሴ ማልኩ።

የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር በሳሁ፣ ውስጡ ቁራጭ ሥጋ ከተትኩ፣ ድንጋዩ ሥር አጋደምኩት። ጠዋት ሳወጣው ሞልቷል። ሳምንቱን ሙሉ አጠመድኩ። የያዝኳቸውን ጓሮ አፈሰስኳቸው። ዶሮዎቹ ሮጠው መጡ፣ አዩ፣ አንገታቸውን አዘንብለው አሰቡና ተመልሰው ሄዱ። የዶሮ አስተዋይነት የገባኝ ያን ቀን ነው። በስምንተኛው ቀን ጠርሙሱ ባዶ ወጣ። ለውዴ ጨረስኳቸው አልኳት። እጄን ሳመችው፤ ያበጠውን።

ሁለት ሳምንት ያህል በሰላም ኖርን። ከዚያ ውኃው አሬራ መሰለ። ሳሎኑ ይሸት ጀመር። ሙሽራው ውኃው ጫፍ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ውዴ ከአጠገቡ አልነሣ አለች። ሞባይል ገና በየቤቱ ባልገባበት ጊዜ ነው፤ ከአንድ ባልደረባዬ ተውሼ ግማሽ ቀን ስሞክር ቆይቼ ዘላለምን አገኘሁት።

«ውኃው ደፈረሰ፤ ዓሣው ሊሞት ነው» አልኩት።

«ትሎቹስ?»

«ፈጀኋቸው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እነሱ እኮ ገዳይ አይደሉም፤ ቀባሪ ናቸው። የሞተውን፣ የተረፈውን፣ የሚበሰብሰውን ሁሉ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ያቺ ዓሣ ሞታ ነው የደረሱላት። አሁን ቀለቡ ሲተርፍ ማን ያንሣው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ድንጋዩ ሕይወት አለው ብዬህ ነበር።»

ለውዴ መናገር ነበረብኝ። እንደዚያ ቀን ምላሴ ከብዶኝ አያውቅም። ሙሽራውን እየገደልኩት ያለሁት እኔ ነኝ አልኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «የእድር ሰዎች ሬሳ ሲያነሡ ብታይ ኖሮ ገድለውት ነው ብለህ በጠርሙስ ታጠምዳቸው ነበር?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረንን ጨው በጥብጠን ግማሹን ውኃ ለወጥን። ግን ቀባሪ ከየት ይመጣል? አንድ እንኳ ተርፎ ይሆናል ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ድንጋዩ ላይ ፍርፋሪ አስቀመጥኩ፣ ተንበርክኬ መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን «እባክህ ውጣ» ማለት ጀምሬ ነበር። የኔታ ላቀው የገቡት እዚህ ላይ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ትል እየለመንኩ ነው፣ የኔታ።»

የሒሳብ አስተማሪ በጨለማ ሳሎን ድንጋይ ፊት ተንበርክኮ ሲያይ ሌላ ሰው ቢሆን ጠበል ይወስደኝ ነበር። የኔታ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «አይዞህ፤ የትል ዘር አለቀ ሲባል እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጤፍ አገዳ የማይወፍር አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለና ፍርፋሪውን ይዞ ገባ። ውዴ ሳታስበው እልል አለች። እትዬ ጥሩ ምን ደስታ መጣ ብለው እየሮጡ ገቡ። ነገርናቸው። እያማተቡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ውኃው እያደር ጠራ። ሙሽራው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ኖረ፤ ትሎቹም ተባዙ። ሲሞት በእርጅና ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ብሎ አገኘነው። ውዴ ጓሮ ልትቀብረው መጠቅለያ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። ጨርቅ መርጣ እስክትመለስ ቀብሩ ተጀምሯል። ቆማ አየቻቸው። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «እግዜር ይስጣችሁ» አለቻቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። መስታወቱን የወረሱት ትሎቹ ናቸው። ዘላለም ሌላ ዓሣ ላምጣ ብሎ ለመናት፤ እንቢ አለች። ቀለባቸውን የምትሰጣቸው ራሷ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ከሰዓት በፊት አይቀምሱም። እንግዳ መጥቶ ባዶውን ውኃ አይቶ ዓሣዎቹስ ሲላት፣ ዓሣዎቹ እንግዶች ነበሩ፣ የቤቱ ባለቤቶች እነዚህ ናቸው ትላለች።

እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ እስካሁን አልጠየቅኳትም።