ለታጨደ ገብስ የተዋስኩት ጠመንጃ

መዋስ የማያሳፍረው ሰው ይገርመኛል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በማለዳ መጥቶ ወንፊት ይላል፣ ከቀትር በፊት ሙቀጫ ይላል፣ ወደ ማታ ደግሞ የራሳችሁን በሬ ከነቀንበሩ እየነዳ ሲሄድ መርቃችሁ ትሸኙታላችሁ። እኔ ግን ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን የምጠርግ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እግዚአብሔር ጠመንጃ እንዲዋስ ያዘዘው።

ጠመንጃ እንደ ወንፊት አይደለም። በእኛ አገር፣ ከገሳይ በላይ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ባለ ጠመንጃ ጥቂት ነው፤ ያለውም ከጎኑ አይለየውም። የሰው ትጥቅ የሚፈታው ወይ ሲማረክ ወይ ጌታው ሲያዋርደው ነው። ከዚያ ወዲያ ሰርግ ቢጠሩት እንኳ የሚቀመጠው በር አጠገብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል። ገብስ ሲያሸት ጭላዳ ዝንጀሮ ከተራራው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባለ ጠመንጃ ለሌለው ያውሳል። አንድ ተኩስ መንጋውን ሁሉ ወደ ገደል ይመልሰዋል። በዚህ ማንም አያፍርም።

ባልንጀራዬ ጣሰው ባለ ጠመንጃ ነው። በሁለት ዓመት ቢበልጠኝም ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው። አባቱ ዘመቻ ላይ ሲሞቱ መሣሪያቸውን ወርሶ እሱም ዘመተ፤ ተመለሰ፤ ግን ሙሉ ሰው ሆኖ አልተመለሰም። ቁስል የለበትም። በመከር ወቅት ደህና መስሎን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ ከዳው፣ እህል ጠላ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ጠመንጃውን መወልወል ሆነ ሥራው።

በጥር ወር እናቱ እትዬ ብርቄ ከምንጩ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ትናንት ‘የሚመጣውን ክረምት አላየውም’ አለኝ። መሣሪያው ከእጁ ይውጣልኝ።»

«ሽማግሌ ይላኩበት እንጂ እትዬ።»

«ሽማግሌ ከገባማ እስከ ደብረ ታቦር ገበያ ይሰማል። ‘ጣሰውን ትጥቅ አስፈቱት’ ከተባለ ያኔ ነው የምቀብረው። አንተ ባልንጀራው ነህ፤ ተዋሰው።»

«ምን ብዬ?»

«አፍ የለህም?»

«የለኝም እትዬ።»

«እንግዲያ እግርህ ይቅደም፤ አፍህ መንገድ ላይ ይደርስብሃል» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማሉኝ።

አፌ የደረሰብኝ ጣሰው ደጃፍ ላይ ነው። እሱ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። በአንድ ትንፋሽ «ጣሰው፣ ጠመንጃህን አውሰኝ፤ ጭላዳ ገብሳችንን ጨረሰው» አልኩት።

ብዬ ዞር ስል ማሳችን ከሸለቆው ማዶ ወለል ብሎ ይታያል። ባዶ ነው። ገብሱ ከታጨደ ቆይቷል፤ አውድማው ላይ አብሮኝ የወቃውም ራሱ ጣሰው ነው። ሁለት ላሞች ማሳው መካከል ተኝተው ያመሰኳሉ።

ጣሰው ማሳውን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ማሳውን አየ።

«ብዙ ናቸው?» አለኝ።

«ብዙ ናቸው።»

«ቀን ነው የሚመጡት?»

«ቀን ነው።»

ቀስ ብሎ ተነሣ። ጠመንጃውን በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ የባሩዱንም ቀንድ ከአንገቱ አውልቆ በአንገቴ አጠለቀልኝ። «ይህንንም ያዝ፤ ባዶውን አይፈሩትም» አለኝ።

በዕድሜዬ ገና ብዙ አይቻለሁ አልልም። ነገር ግን ሰው የራሱን ሞት ለባልንጀራው ሲያስረክብ፣ ያውም ተዋሹ እንዳያፍር እየተጨነቀ ሲያስረክብ፣ አይቻለሁ። 

የተዋሰ ደግሞ መጠበቅ አለበት። ጣሰው ከማዶ እያየኝ ጠመንጃውን ቤት ሰቅዬ እንዴት ልቀመጥ? ስለዚህ ባሩዱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ባዶውን መሣሪያ ታቅፌ ባዶ ማሳ መጠበቅ ጀመርኩ።

«ምን ትጠብቃለህ?» ይላል አላፊው።

«ገብስ።»

አላፊው ማሳውን ያያል፣ ግንባሬን ያያል፣ አማትቦ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን ጣሰው ራሱ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። ከጋቢው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። ሽጉጥ ነው። ከዘመቻ ይዞት የመጣ፣ እናቱ እንኳ የማያውቁት።

«ግልገሎቻቸውም አብረው ይመጣሉ አይደል?» አለኝ። «ለግልገል ትልቁ አይሆንም።»

 አጠገቤ ተቀመጠ፤ እስከ ማታ አብረን የሌለ ገብስ ጠበቅን።

ይህን ጊዜ አገሩ ሁሉ በእኔ እብደት ተስማምቷል። ቄሱ አባቴን ለብቻው ጠርተው «ልጅህን ጸበል ውሰደው፤ ይህ የጤና አይደለም» አሉት። መሐላ አለብኝና ምን ልበል? እትዬ ብርቄም ደግ ሴት መስለው «ጣሰው ይከተለው፤ ብቻውን እንዳይጠፋ» አሉ። ምእመናን ሆይ፣ በዚያ ውርጭ ሰባት ቀን ሙሉ ደህናው ልጅ እየጮኸ ተጠመቀ፤ አስታማሚውም «እዚህ ድረስ ከመጣሁ» እያለ ከኋላዬ ይገባ ነበር። በአራተኛው ቀን ጣሰው ከጸበሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ዝንብ እንዳይቀሰቅሰው ቀትሩን ሙሉ እሽ ስል ዋልኩ።

ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ጣሰው መጣ።

«ጭላዳው ሄደ?»

ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ብዬ አላውቅም። ዓይኑን አየሁት፤ ገና ነው። «አንድ ቀርቷል» አልኩት።

 «እኔም አይቼዋለሁ» አለኝና ባዶ እጁን ተመለሰ። 

በግንቦት እርሻ ላይ ሳለን በሬዎቹን አቁሞ እንደገና ጠየቀኝ። ያን ቀን ምሳውን ጨርሶ የእኔን ቀምቶኝ ነበር። «ሄዷል» አልኩት፤ ጠመንጃውንም ሽጉጡንም ከነባሩዱ መለስኩለት። ጣሰው የጠየቀውን ሁሉ «ለገብስ አውሼው ነበር» ይለዋል፤ እውነት ነው።

እኔን ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስገባ እናቶች «ጸበሉ ያዳነው ልጅ» እያሉ ለልጆቻቸው ያሳዩኛል። ማንን ልከራከር? ጸበሉ እንደሆነ አድኗል።